የጥብስ ቅጠል፣ ሜርኩሪና የነርቭ ሴል፦ የላብራቶሪ ማስታወሻዬ

ሳምንት 1፣ ጥቅምት

ፕሮፖዛሉ አለፈ። ዛሬ ዕቃ ስቆጥር ዋልኩ። የምሞክራቸው ሦስት ተክሎች ናቸው፤ የጥብስ ቅጠል፣ የኮንሶ ሽፈራው (ሞሪንጋ) እና ጥቁር አዝሙድ። ጥያቄዬ፦ ኤክስትራክታቸው (ከተክሉ ተጨምቆ የሚወጣው) የነርቭ ሴልን ከሜርኩሪ ያድናል ወይ?

ሴሉ ኤስኤች-ኤስዋይ5ዋይ የሚባል፣ ላብ ውስጥ የሚራባ የሴል ዘር ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1970 ከአንዲት የአራት ዓመት ልጅ የተወሰደ የኒውሮብላስቶማ ናሙና ነው። ካንሰር ነው፣ እውነተኛ ነርቭ አይደለም፤ ግን በሬቲኖይክ አሲድ (የቫይታሚን ኤ ዝርያ) ሲገፉት እንደ ነርቭ ክንድ ያወጣል። ከሌላ ላብ ሁለት ቫያል በሊኩድ ናይትሮጂን አገኘሁ።

የሜርኩሪው ነገር ግማሽ ቀን አከራከረን። እኔ የፈለግሁት ሜቲል ሜርኩሪ ነበር፤ ከካርቦን ጋር የተያያዘ፣ ኦርጋኒክ የሚባል ሜርኩሪ ነው። ጃፓን ውስጥ ሚናማታ ላይ ሰውን የጨረሰው እሱ ነው። ኢራቅ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ1971 እና 72 በሜቲል ሜርኩሪ የታሸ የዘር ስንዴ ዳቦ ሆኖ ተበልቶ 6,530 ሰው ሆስፒታል ገባ፣ 459 ሰው ሞተ። ሲስቲን ከሚባለው ሰልፈር ያለው አሚኖ አሲድ ጋር ሲጣበቅ ሜቲዮኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ ይመስላል፤ አንጎልም እንደ ምግብ ቆጥሮ ያስገባዋል። የላቡ ኃላፊ ግን «ኦርጋኒክ ሜርኩሪ እዚህ ቤት አይገባም» ብለው ቁርጥ አደረጉት። ልክ ናቸው። የኬሚስትሪ ፕሮፌሰሯ ካረን ዌተርሃን እ.ኤ.አ. በ1996 ላቴክስ ጓንታቸው ላይ ጥቂት ጠብታ ዳይሜቲል ሜርኩሪ (ሌላ ኦርጋኒክ ሜርኩሪ) ፈሰሰባቸው፤ ጓንቱን አልፎ ገባ፣ ዓመት ሳይሞላ አረፉ። የእኛ ላብ ጭስ ማውጫ ሁድ ደግሞ እንደ ልብ የሚሠራው በሳምንት ሦስት ቀን ነው። ስለዚህ ኦርጋኒክ ያልሆነው ሜርኩሪክ ክሎራይድ ተወሰነ። ጓንት ናይትራይል፣ ድርብ። ቆሻሻው ሁሉ ለብቻው በታሸገ ጠርሙስ፤ ወደ ሲንክ አንድ ጠብታ አይፈስም።

ሳምንት 2 እና 3

የጥብስ ቅጠል ከሾላ ገበያ፦ 20 እስር በ30 ብር፣ 600 ብር። ሽፈራው፦ ጓደኛዬ ከኮንሶ ደረቅ ቅጠል በአውቶቡስ ላከችልኝ፤ የከፈልኩት የጭነቱን ብቻ ነው። ጥቁር አዝሙድ ከመርካቶ ግማሽ ኪሎ።

የጥብስ ቅጠሉን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። አማካሪዬ ሲያዩት «ይሄ ለጥብስ እንጂ ለላብ አይሆንም» አሉኝ። ከቅጠሉ የምፈልገው ካርኖሲክ አሲድ የሚባል ንጥረ ነገር ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ሲያገኘው ይበላሻል። ሌላ 600 ብር ወጣ። ሁለተኛውን ጥላ ውስጥ ጋዜጣ ላይ በትኜ በየማታው እያገላበጥኩ በዘጠኝ ቀን ደረቀ።

አሠራር፦ በቡና መፍጫ መፍጨት፤ 100 ግራም ዱቄት በ1 ሊትር 80 በመቶ ሜታኖል፣ ሼከር ላይ 72 ሰዓት፤ በዋትማን ቁጥር 1 ማጣሪያ ወረቀት ማጣራት፤ በሮታሪ ኢቫፖሬተር በ40 ዲግሪ ማትነን። ከጥብስ ቅጠሉ 17.3 ግራም ወጣ፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ ማንኪያ ላይ እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ። ከእሱ 50 ሚሊግራም በሚሊሊትር ዲኤምኤስኦ (ማሟሚያ ፈሳሽ) በጥብጬ ትንንሽ ቱቦዎች ውስጥ ከፋፍዬ ፍሪዘር አስገባሁ። 50 ማይክሮግራም በሚሊሊትር ስጠቀም ዲኤምኤስኦው 0.1 በመቶ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ካለፈ ሴሉን ማን እንደጎዳው አይታወቅም።

የጥቁር አዝሙዱ ሥራ ተበላሽቷል። ዘይቱ ስላስቸገረኝ አስቀድሜ በሄክሳን (ዘይት በሚያሟማ ፈሳሽ) አጥቤ ዘይቱን ጣልኩት፣ የቀረውን በሜታኖል ዘፈዘፍኩ። ማታ ሳነብ ነው የገባኝ፦ ሰው ሁሉ የሚያወራለት ቲሞኪኖን ያለው ዘይቱ ውስጥ ነው። የያዝኩት ኤክስትራክት ዋናው ነገር የተደፋበት አተላ ነው። ጊዜም ገንዘብም ስለሌለ ጥቁር አዝሙድን ከዚህ ዙር አወጣሁት።

ሳምንት 4 እና 5

ሴሎቹ ነቁ። ምግባቸው ዲኤምኢኤም/ኤፍ12 የሚባል ፈሳሽ (ሚዲየም) ነው፣ ከ10 በመቶ ሴረም (ከደም የሚወጣ ፈሳሽ) ጋር። ሴረሙ በአውሮፕላን ደርሶ ጉምሩክ አራት ቀን ስለቆየ በረዶው ቀልጦ ነበር፤ እየፈራሁ ተጠቀምኩበት፣ ደግነቱ ሠራ። የበጀቴን ሲሶ የበላው ይህ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ኢንኩቤተሩን ስከፍት ሚዲየሙ ወደ ሐምራዊ የተጠጋ ሮዝ ሆኗል። ሴል አድጎ አሲድ ሲያበዛ ቢጫ ነው የሚሆነው፤ ሮዝ ማለት ካርቦን ዳይኦክሳይድ አልቋል ማለት ነው። ሲሊንደሩ ባዶ። ማስሞያ 4,500 ብር፣ ሦስት ቀን ጥበቃ። ሦስቱን ቀን ፍላስኮቹን ክዳናቸውን አጥብቄ አቆየኋቸው፤ ግማሹ ተረፈ።

በሳምንቱ መብራት ለስድስት ሰዓት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩ ናፍጣ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ሻጋታ መጣ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ሸረሪት ድር ነው። ምንጩ ኢንኩቤተሩ ውስጥ ያለው የውኃ ሣህን ነበር። ሁሉንም በ70 በመቶ አልኮል ወልውዬ ሣህኑ ላይ ኮፐር ሰልፌት ጨመርኩ። ሁለተኛው ቫያል ወጣ። ሦስተኛ የለም። ዛሬ ሌሊት ከላብ አልሄድም።

ሳምንት 6፣ ኅዳር

የሜርኩሪ ልክ ፍለጋ። 27.15 ሚሊግራም ሜርኩሪክ ክሎራይድ በ10 ሚሊሊትር ውኃ 10 ሚሊሞላር ይሰጣል (ሚሊሞላርና ማይክሮሞላር የጥግግት መለኪያ ናቸው፤ ማይክሮው የሚሊው አንድ ሺሕኛ ነው)። ሚዛኑ ላይ ሳለሁ እጄ እየተንቀጠቀጠ ሦስት ጊዜ ነው የመዘንኩት።

አንደኛ፦ በ10 በመቶ ሴረም 20 ማይክሮሞላር ሰጠኋቸው፣ ምንም አልሆኑም። ሴረም ውስጥ ያለው አልቡሚን በሰልፈሩ ሜርኩሪውን ይዞ ያስቀረዋል። ሴረሙን ወደ 1 በመቶ ሳወርደው በ10 ማይክሮሞላር ከግማሽ በላይ ረገፉ።

ሁለተኛ፦ ከጥቂት ቀን በኋላ ያው 10 ማይክሮሞላር መግደል አቆመ። ስቶኩን (ዋናውን የሜርኩሪ ብጥብጥ) ያስቀመጥኩት በፕላስቲክ ቱቦ ነበር። ሜርኩሪ ፕላስቲክ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከአሁን በኋላ ጠርሙስ ብቻ፣ በየሳምንቱ ትኩስ።

ሴሎቹን በ10 ማይክሮሞላር ሬቲኖይክ አሲድ ስድስት ቀን አቆየኋቸው፤ ብርሃን ስለሚያበላሸው የሁዱን መብራት አጥፍቼ ነው የምሠራው። በስድስተኛው ቀን ረጃጅም ቀጫጭን ክንዶች አውጥተው እርስ በርስ ተያይዘዋል። ሜርኩሪ ሲገባባቸው መጀመሪያ የሚጎዱት ክንዶቹ ናቸው፦ እንደ መቁጠሪያ ክር ቋጠሮ ቋጠሮ ይሠራሉ፣ ከዚያ ይበጠሳሉ፣ በመጨረሻ አካሉ ክብ ሆኖ ከሣህኑ ይነሳል። አራት ሰዓት ውስጥ ያለቀውን በዓይኔ ካየሁ በኋላ ወደ ቤት ስሄድ ዝም ብዬ ነው የሄድኩት።

ሳምንት 7

የመጀመሪያው ሙሉ ፕሌት (ብዙ ትንንሽ ጉድጓድ ያለው የሙከራ ሣህን)። በአንድ ዌል (ጉድጓድ) 10,000 ሴል፣ ኤክስትራክቱና ሜርኩሪው አብረው፣ 24 ሰዓት፣ ከዚያ ኤምቲቲ። ኤምቲቲ ቢጫ ቀለም ነው፤ በሕይወት ያለ ሴል ወደ ሐምራዊ ይለውጠዋል፣ በ570 ናኖሜትር ይነበባል።

ኮንትሮሉን (ምንም ያልተሰጣቸውን ሴሎች) 100 ካልን፦ ሜርኩሪ ብቻ 41። ሜርኩሪ ከጥብስ ቅጠል ጋር 88። ሜርኩሪ ከሽፈራው ጋር 93።

93! ለአማካሪዬ ሌሊቱን ጻፍኩላቸው። ለኮንሶዋ ጓደኛዬም ደወልኩላት።

ሳምንት 8

አማካሪዬ የመለሱልኝ አንድ መስመር ነው፦ «ሴል የሌለበት ዌል ላይ ሞክረሻል?»

አልሞከርኩም። ዛሬ ሞከርኩ። ሚዲየም፣ ሽፈራው፣ ኤምቲቲ፤ ሴል የለም። በሦስት ሰዓት ሐምራዊ ሆነ። ዌሉ ውስጥ አንድም ሕይወት የለም፣ ማሽኑ ግን «ሕያው ነው» ይላል። ተክሉ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖሎች የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ራሳቸው ኤምቲቲውን ይቀይሩታል። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል፤ ለጓደኛዬ ደውዬ የነገርኳትን መልሼ ማረም ነበረብኝ።

ሌላ መለኪያ አስፈለገ። ኤልዲኤች አሰብኩ፦ የሞተ ሴል የሚያፈሰውን ኢንዛይም መለካት ነው። ግን ሜርኩሪ ያንኑ ኢንዛይም ያሰናክለዋል፤ ብዙ ሴል በሞተ ቁጥር ትንሽ የሞተ ሊመስል ነው። ተውኩት። የቀረው ኒውትራል ሬድና ትሪፓን ብሉ። ኒውትራል ሬድ በሕያው ሴል ላይሶሶም (የሴሉ መፍጫ ከረጢት) ውስጥ የሚከማች ቀይ ቀለም ነው፤ ከማንበቤ በፊት ኤክስትራክቱን አጥቤ ማውጣት እችላለሁ። ትሪፓን ብሉ ደግሞ የሞተ ሴልን ብቻ የሚያቀልም ነው፤ በሄሞሳይቶሜትር (የሴል መቁጠሪያ መስታወት) በዓይን መቁጠር ነው፤ ያደክማል ግን አይዋሽም። ሁለቱንም ለመጠቀም ወሰንኩ።

በኒውትራል ሬድ ስደግመው ሽፈራው ከ93 ወደ 66 ወረደ፣ የጥብስ ቅጠል ወደ 79። አሁንም ከ41 በላይ ናቸው። ግን ጥርጣሬው አንዴ ገብቷል። ኤክስትራክቱንና ሜርኩሪውን አብሬ ነው የምጨምረው። ተክሉ ሜርኩሪውን ሣህኑ ውስጥ ጠልፎ ይዞት ከሆነስ? ያ ለሴሉ የተደረገ ጥበቃ አይባልም። ሴሉ ሜርኩሪውን አላየውምና።

ሳምንት 9፣ ታኅሣሥ

ላብ ዝግ ነበር፤ አክስቴ ቤት ሄድኩ። ይህን የምጽፈው ከሥራው ስለሚገናኝ ነው።

አክስቴ ቡና ከጠጣን በኋላ ወደ መስታወታቸው ሄደው ከጣታቸው የወርቅ ቀለበታቸውን አወለቁ፣ ሣህን ላይ አስቀመጡ፣ ከዚያ ከአረብ አገር የመጣላቸውን ክሬም ፊታቸው ላይ መቀባት ጀመሩ። «እትዬ፣ ቀለበቱን ለምን ያወልቁታል?» አልኳቸው። «ወርቅ እንዳይነካው ይላል ልጄ፣ ያነጣዋል።» ዕቃውን ተቀብዬ አነበብኩ፤ ከወርቅና ከብር አርቁ ይላል። ወርቅን የሚያነጣ ክሬም ምን እንደያዘ ለእኔ ግልጽ ነው። ወርቅ አውጪዎች ሜርኩሪን የሚፈልጉት ወርቅን ስለሚይዝ ነው። ከታች በደቃቅ ፊደል ካሎሜል ይላል፤ የሜርኩሪ ክሎራይድ ዓይነት ነው። ስለ ሜርኩሪ የተደረገው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት ከ1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ እጅ) በላይ ሜርኩሪ ያለበት መዋቢያ ከ2020 እ.ኤ.አ. በኋላ እንዳይመረት፣ ከአገር አገር እንዳይገባ ከልክሏል።

ለሦስት ዓመት ተቀብተውታል። «እጅዎ ይንቀጠቀጣል? እንቅልፍስ?» ስላቸው ዝም ብለው አዩኝ። «እርጅና ነው ያልኩት» አሉ። ከዚያ ስለ ሥራዬ ሰምተው ኖሮ «ታዲያ ያንን የጥብስ ቅጠል ሻይ አድርጌ ልጠጣዋ?» አሉኝ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ቢሆን 93ን እነግራቸው ነበር። «እትዬ፣ ሻይ አያወጣውም። ክሬሙን ዛሬ ያቁሙ፣ ነገ አብረን ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አልኳቸው። ክሬሙን በሁለት ፕላስቲክ አሽጌ ይዤው ወጣሁ። ሄደናል፤ ሐኪሟ ኩላሊታቸውን አስመርምራ ክትትል ጀምራለች።

ወደ ላብ የተመለስኩት ጥያቄውን በትክክል ለመጠየቅ ቆርጬ ነው።

ሳምንት 10 እና 11

አዲስ ዲዛይን፦ ኤክስትራክት ለ24 ሰዓት፤ ከዚያ በፒቢኤስ (ሴል የማይጎዳ የጨው ውኃ) ሦስት ጊዜ ማጠብ፤ ከዚያ ሜርኩሪ ለብቻው። ሜርኩሪው ሲገባ ሣህኑ ውስጥ ተክል የለም። ጥበቃ ከታየ የሴሉ ነው።

የመጀመሪያው ፕሌት በእጄ ጠፋ። ፒፔቱን ቀጥታ ሴሎቹ ላይ ስለለቀቅሁት ክንድ ያወጡት ሴሎች እንደ ምንጣፍ ተጠቅልለው ተነሱ። አሁን ፕሌቱን አዘንብዬ በዌሉ ግድግዳ ላይ ቀስ ብዬ አፈሳለሁ፤ ሁለት እጥበት በቂ ነው። አንድ ፕሌት 40 ደቂቃ ይወስዳል።

ሁለተኛው ችግር መጠኑ ነው። 50 ማይክሮግራም የጥብስ ቅጠል በ24 ሰዓት ራሱ ሩብ የሚያህል ሴል ገደለ። ፖሊፌኖል ሚዲየም ውስጥ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሠራል። ፐርኦክሳይድን የሚሰብረውን ኢንዛይም ካታሌዝን ስጨምርበት ሞቱ አብዛኛው ቆመ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የፐርኦክሳይዱ ነው። 10 ማይክሮግራም ላይ ሴሎቹ ደህና ናቸው። በዚሁ ቀጠልኩ።

ውጤት፣ ሦስት ጊዜ ተደግሞ፣ በኒውትራል ሬድ፦ ሜርኩሪ ብቻ 40። ሽፈራው ታጥቦ 42። የጥብስ ቅጠል ታጥቦ 63።

በትሪፓን ብሉም ቆጠርኩ። ተመሳሳይ ነው።

63 ከ93 ያነሰ ቁጥር ነው፣ እኔ ግን በዚህኛው ነው የተደሰትኩት። ሽፈራው በሣህኑ ውስጥ ሜርኩሪ ያዘ እንጂ ሴሉን አልለወጠም። የጥብስ ቅጠሉ ግን ከታጠበ በኋላም ሴሉ ውስጥ የተወው ነገር አለ።

ሳምንት 12 እና 13፣ ጥር

የተወው ምንድን ነው? ጥምቀትን አሳልፌ ወደዚህ ገባሁ።

ግምቱ፦ ካርኖሲክ አሲድ ሴሉ ውስጥ ኦክሲዳይዝ ሲሆን ኪፕ1 ከሚባለው ፕሮቲን ሲስቲኖች ጋር ይጣበቃል። ኪፕ1 ሥራው ኤንአርኤፍ2 የሚባለውን ሌላ ፕሮቲን ይዞ ማስጠፋት ነው። ሲለቀው ኤንአርኤፍ2 ወደ ኒውክሊየስ ገብቶ የመከላከያ ጂኖችን ያበራል፤ አንዱ የግሉታታዮን መሥሪያው ነው። ግሉታታዮን ደግሞ ሴሉ ሜርኩሪን የሚይዝበት ዋና ሰልፈር ነው። ይህ ሁሉ ሰዓታት ይፈልጋል፤ 24 ሰዓት አስቀድሞ መስጠት ትርጉም ያለውም ለዚህ ነው።

ግሉታታዮንን በዲቲኤንቢ (ሰልፈር ሲያገኝ ቢጫ የሚሆን ኬሚካል)፣ በ412 ናኖሜትር ለካሁ። በጥብስ ቅጠል የቆዩት ከኮንትሮሉ አንድ ተኩል እጥፍ አላቸው። ሽፈራው ለውጥ የለውም። የመጀመሪያው ቀን ንባብ ግን የማይታመን ነበር፤ ዲቲኤንቢ የሚዲየሙን ሲስቲንም ስለሚቆጥር ሳላጥብ የለካሁት ነው። ተጣለ።

ቁልፉ ሙከራ ቢኤስኦ ነው፤ የግሉታታዮን መሥሪያውን የሚዘጋ መድኃኒት። ለብቻው 100 ማይክሮሞላር ሰጥቻቸው ሴሎቹ አልተጎዱም። ከሜርኩሪ ጋር ግን 40 የነበረው ወደ 22 ወረደ። የጥብስ ቅጠል፣ ቢኤስኦና ሜርኩሪ ሲገናኙ 27። ያለ ቢኤስኦ 23 ነጥብ የነበረው ልዩነት 5 ሆኗል። ጥበቃው በአብዛኛው በግሉታታዮን በኩል ነው።

ኤንኤሲን (ግሉታታዮን ለመሥራት የሚረዳ መድኃኒት) እንደ ማነጻጸሪያ አስገብቼ ነበር። እሱም ሰልፈር ያለው ስለሆነ ሳይታጠብ ሜርኩሪውን ሣህኑ ውስጥ ይይዛል፣ ኤምቲቲንም ራሱ ይቀይራል። ታጥቦ ብቻ ነው የምቆጥረው፦ 57።

ሳምንት 14

ሽፈራው ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሞሪንጋ ውስጥ ኤንአርኤፍ2ን የሚያነቃ ነገር ሊኖር ይገባል፤ ቅጠሉ ግሉኮሲኖሌት የሚባል ንጥረ ነገር አለው፣ እሱ ሲሰበር አይሶታዮሳያኔት የሚባል የሚሰነፍጥ ነገር ይወጣዋል፣ እሱ ደግሞ ኪፕ1 ላይ ይጣበቃል። ታዲያ ለምን ዝም አለ?

መልሱ የመጣው ከወጥ ቤት ነው። እናቴ ሰናፍጭ ስታዘጋጅ ነበር። ደረቁን ዱቄት ብታሸቱት ምንም የለውም። ውኃ ነክቶት ተከድኖ ሲቆይ ነው አፍንጫ የሚሰነፍጠው። ዱቄቱ ውስጥ ግሉኮሲኖሌትና ማይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም ተለያይተው ተቀምጠዋል፤ ውኃ ሲያገናኛቸው ነው ሰናፍጩ «የሚነሳው»። እኔ ደረቁን የሽፈራው ዱቄት ቀጥታ 80 በመቶ ሜታኖል ውስጥ ከተትኩት። ኢንዛይሙ ሥራ ሳይጀምር ሞተ። ሰናፍጩን ሳላስነሳ ነው የሞከርኩት።

ስለዚህ ሽፈራው አይሠራም ብዬ ልጽፍ የነበረውን ሰርዣለሁ። የምለው፦ በዚህ አወጣጥ፣ በ10 ማይክሮግራም፣ ታጥቦ፣ አልሠራም። ኮንሶ ላይ ቅጠሉ ተቀቅሎ ስለሚበላ እዚያም ኢንዛይሙ በሙቀት ይሞታል፤ ሰው የሚበላው ሰናፍጩ ከሚነሳበት ዝግጅት ይልቅ ለእኔ ኤክስትራክት የቀረበ መሆኑን ማስታወስ አለብኝ።

ሳምንት 15፣ የካቲት

የሽፈራው ዱቄት 50 ግራም በሞቀ ውኃ በ37 ዲግሪ ሁለት ሰዓት አራስኩት። ክዳኑን ስከፍት አፍንጫዬን ነካኝ፤ ቀላል ነው፣ ግን አለ። ከዚያ በኢታይል አሲቴት (ማሟሚያ ፈሳሽ) ጨመቅሁ። የወጣው 0.9 ግራም ብቻ። ለአራት ፕሌት ይበቃል።

የሜርኩሪ ቆሻሻ ጠርሙሱ ሦስት ሊትር ሞልቷል። ማን እንደሚረከበው ለማወቅ አምስት ቢሮ ደውያለሁ፣ ሁሉም ወደ ሌላው ይመሩኛል። እስከዚያው በድርብ ዕቃ ውስጥ ሆኖ ቁልፍ ባለው ቁም ሣጥን ተቀምጧል፤ የአክስቴም ክሬም አብሮት ነው።

ሰኞ፦ አዲሱ ሽፈራው፣ 1፣ 3 እና 10 ማይክሮግራም፣ 24 ሰዓት፣ ሁለት እጥበት፣ ትኩስ ሜርኩሪ በጠርሙስ። ሴል የሌለባቸው ዌሎች፦ ስምንት። ሲሊንደሩ አንድ ሦስተኛ ቀርቶታል፤ ዓርብ ሳይደርስ ማስሞላት አለብኝ።